የሰሜን ብርሃን ሸነን ይደርሳል ወይ?

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ ነው፤ አልታ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ። አገሩ ወደ ሰሜን ዋልታ በጣም ስለሚጠጋ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ፀሐይ ለሳምንታት አትወጣም። በጥር 2016 ዓ.ም ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቪዲዮ ላከችልን። በረዶ የለበሰ የባሕር ዳርቻ፣ የታሰሩ ጀልባዎች፣ ከነሱ በላይ ደግሞ ሰማዩ ላይ የተሰቀለ አረንጓዴ መጋረጃ። መጋረጃው ነፋስ እንደነካው ይወዛወዛል። ሸነን ያለችው እናቴ አይታ አማተበች። የ8ኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ግን ቪዲዮውን ደጋግሞ ከፈተው።

አራት ወር አልፎ፣ ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም ከሃያ ዓመታት ወዲህ ያልታየ ከባድ የፀሐይ ማዕበል ምድርን መታ። በማግስቱ ስልኮቻችን በፎቶ ተሞሉ። ብርሃኑ በስፔን፣ በሜክሲኮ፣ በሕንድ ላዳክ፣ በስተደቡብ ደግሞ እስከ ናሚቢያ ድረስ ታይቷል። ወንድሜ ወዲያው ደወለ።

«ጋሼ፣ ናሚቢያ አፍሪካ አይደለችም እንዴ? እዚያ ከታየ እኛ ጋ ለምን አልታየም?»

እኔ በትምህርቴ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ፤ ጥያቄው አያቅተኝም ብዬ አሰብኩ። «እኛ ወገቡ ላይ ነን፤ የፀሐይ ማዕበል እኛ ጋ ምንም አያደርግም» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ።

የመልሴ ግማሽ ልክ ነበር። ሌላው ግማሽ ግን ስህተት ነው፤ ያውም ቀላል ስህተት አይደለም። ስህተቴን ያወቅሁት በኋላ፣ ለምርምሬ ሳነብ፣ «አዲስ አበባ» የሚለው ስም ባልጠበቅኩት ቦታ ሲገጥመኝ ነው። ይህ ጽሑፍ ለወንድሜ ያለብኝ እርማት ነው። እናንተም አብራችሁ አንብቡት።

(ዓ.ም ያላልኩባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብርሃንና መርፌ

ታሪኩ የሚጀምረው ከኮምፓስ ነው። በ1741 በስዊድኗ ኡፕሳላ ከተማ ኦሎፍ ሂዮርተር የተባለ ሰው አንድ አሰልቺ ሥራ ይሠራ ነበር። ከአለቃው ከአንደርስ ሴልሺየስ ጋር ሆኖ የኮምፓስ መርፌ በየሰዓቱ የት ላይ እንደቆመ ይመዘግባል። አዎ፣ የሙቀት መለኪያው ሴልሺየስ ራሱ ነው። መርፌው በየቀኑ በጣም ትንሽ ዘወር እንደሚልና እንደሚመለስ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። አንድ የመጋቢት ሌሊት ግን ሂዮርተር መርፌውን ሲያይ ከወትሮው ውጪ ይንቀጠቀጣል። ወጥቶ ሰማዩን ቢያይ የሰሜን ብርሃን ቦግ ብሏል።

ከሳምንታት በኋላ በሚያዝያ ደግሞ እንዲሁ ሆነ። በዚያው ቀን ለንደን ያለው ጆርጅ ግራሃም የተባለ የሰዓትና የመሣሪያ ሠሪ የእሱም መርፌ እንደታወከ መዘገበ። ሁለቱ ከተሞች ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። እንግዲህ ሰማይ ላይ የሚታየው ነገር ብርሃን ብቻ አይደለም፤ ሰፊ አገር የሚያዳርስ የማግኔት ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ። ብርሃኑን ለማየት ጨለማና ጥርት ያለ ሰማይ ያስፈልጋል። መርፌው ግን በቀንም፣ በደመናም፣ ቤት ውስጥም ይሠራል። ስለዚህ ብርሃኑ የማይታይበት አገር እንኳ መርፌ ካለ ወሬው ይደርሰዋል።

ከአልታ በላይ ያለው ተራራ

የአክስቴ ልጅ ከምትኖርበት ከተማ ማዶ፣ ባሕሩ ወደ ምድር በገባበት ዳር ሃልዴ የሚባል 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ አለ። ክሪስቲያን ቢርክላንድ የተባለ ኖርዌያዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1899 እዚያ ተራራ ጫፍ ላይ የድንጋይ ቤት አሠራ። ቤቱ የሰሜን ብርሃንን ለማጥናት የተሠራ የመጀመሪያው ቋሚ ጣቢያ ነበር። ክረምቱን ከረዳቶቹ ጋር እዚያ አሳለፈ። ነፋሱና ብርዱ ከባድ ስለነበር አንድ ረዳቱ በበረዶ ናዳ ሕይወቱ አልፏል። ብርሃኑን እናጥና ያሉ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ እንዲህ ያለ ነበር።

ቢርክላንድ ከዚያ ሲመለስ የያዘው ሐሳብ ይህ ነው፦ ከፀሐይ የሚመጡ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች በምድር ማግኔት ተመርተው ወደ ዋልታዎቹ ይወርዳሉ፤ እዚያም ሰማይ ላይ ትልቅ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራሉ። ይህን ለማሳየት አየር የወጣለት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ማግኔት ያለበት ኳስ አስቀምጦ በኤሌክትሮን ጨረር መታው። ኳሱ በሁለቱ ዋልታዎቹ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ አበራ። ብዙ ሳይንቲስቶች ግን ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ከነሱ ዋናው እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማን ነበር፤ ይህ ሰው ወደ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። የቢርክላንድ ፍሰት መኖሩ የተረጋገጠው በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ሳተላይቶች እዚያው ሰማይ ላይ ሄደው ሲለኩት ነው። ቢርክላንድ ያኔ ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር።

ካርቱም የደረሰው ሌሊት

ለእኛ በጣም የቀረበው ብርሃን ግን የተነሣው ከቢርክላንድም በፊት ነው። ቀኑ የካቲት 4፣ 1872 ነው፤ በእኛ ጥር 27 ቀን 1864 ዓ.ም። አጼ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ዘውድ የጫኑት በዚያው በጥር ወር ነበር። በዚያ ሌሊት የተነሣው ማዕበል ከተመዘገቡት ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ብርሃኑ በቦምቤይ ታየ፤ በካርቱምም ታየ። ካርቱም ከአምቦ በቀጥታ ሲለካ ከ900 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ጎረቤት ማለት እኮ ነው!

ማዕበሉ በሽቦም ላይ ዱካውን ትቷል። ከቦምቤይ እስከ ኤደን በባሕር ሥር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ ለሰዓታት ታወከ። ከካይሮ እስከ ካርቱም የተዘረጋው የየብስ መስመርም እንዲሁ። በግራችን ካርቱም፣ በቀኛችን ኤደን፤ መሐል ላይ እኛ። ቴሌግራፍና ስልክ አገራችን ውስጥ ሥራ የጀመሩት ከዚያ በኋላ፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። በዚያ ሌሊት የኛን ሰማይ የሚያዳምጥ ሽቦም መርፌም አልነበረንም።

ካርቱም ላይ ብርሃኑ እንዴት ሊታይ ቻለ? የሰሜን ብርሃን አረንጓዴው ክፍል የሚፈጠረው ከመሬት ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ቀዩ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለቱንም ቀለሞች የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። ረጅም ተራራ ጫፉ ከሩቅ አገር እንደሚታይ ሁሉ፣ ከፍ ያለው ቀይ ብርሃንም ከተፈጠረበት በጣም ርቆ ይታያል። በ2016 ዓ.ም ከናሚቢያ የመጡት ፎቶዎችም አብዛኞቹ ቀይና ሐምራዊ የሆኑት ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ለምን አይታይም?

ትምህርት ቤት ማግኔት ላይ ወረቀት አድርጋችሁ የብረት ብናኝ ስትበትኑ ምን እንደሚሆን ታስታውሳላችሁ። ብናኙ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚቀለበሱ መስመሮችን ይሠራል። ምድርም እንደዚያ ናት። በዋልታዎቹ አካባቢ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ወደ መሬት ይወርዳሉ። በመሐል፣ በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ግን ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆነው በላያችን ያልፋሉ።

ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት መስመሩን ተከትሎ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ መስመሩን አቋርጦ መሄድ ግን ይቸግረዋል። አልታ ላይ መስመሮቹ እንደ መሰላል ወደ ታች ያወርዱታል። እኛ ጋ ግን በየከፍታው እንደ አጥር ተጋድመውበታል።

አሁን የወንድሜን ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ጉዳዩ ሙቀትና ብርድ አይደለም፤ አፍሪካና አውሮፓም አይደለም። ጉዳዩ ከመግነጢሳዊው ወገብ መራቅና መቅረብ ነው። ይህ ወገብ በካርታ ላይ ከምናውቀው የምድር ወገብ ጋር አይገጥምም። አፍሪካ ውስጥ ወደ ሰሜን ከፍ ይልና በኢትዮጵያ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። ናሚቢያ ከዚህ መስመር ብዙ ርቃ በስተደቡብ ስላለች የደቡብ ዋልታውን ብርሃን ጫፍ ማየት ቻለች። ሸነንና አምቦ ግን አጥሩ ሥር ናቸው።

አንድ አስቂኝ ነገር ልጨምር። ዓለም ሁሉ ብርሃኑን ባየበት በዚያ የግንቦት ሌሊት አልታ ያለችው የአክስቴ ልጅ ምንም አላየችም። ግንቦት ላይ እዚያ ሌሊቱ በቅጡ አይጨልምማ!

ከራሳችን በላይ ያለው ወንዝ

እስካሁን የነገርኳችሁ የመልሴ ልክ የሆነው ግማሽ ነው። አሁን ወደ ስህተቱ እንምጣ።

በ1922 የአሜሪካው ካርኔጊ ተቋም ፔሩ ውስጥ ሁዋንካዮ በምትባል የደጋ ከተማ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ አቆመ። ሁዋንካዮ በመግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ ናት። የመስኩ ዕለታዊ ለውጥ ሲለካ ግን እዚያ ከተጠበቀው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ለውጡ የሚመጣው ቀን ቀን ነው፤ ከእኩለ ቀን ትንሽ ቀደም ብሎ ጫፍ ይደርስና ፀሐይ ስትጠልቅ ይጠፋል።

ምክንያቱ ከመሬት 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚፈስ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። አሠራሩን በኛ አገር ምሳሌ ላስረዳችሁ። ፊንጫ ግድብ ያለው ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው በምን ሕግ ነው? ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር በማግኔት መስክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ፍሰት ይፈጠራል። ሰማይ ላይም ይኸው ነው። የፀሐይ ጨረር ከፍ ያለውን አየር እየመታ ኤሌክትሮኖችን ከአተሞች ይነጥላል፤ በዚህም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው አዮኖስፌር የተባለው ክፍል ይፈጠራል። ፀሐይ አየሩን ስታሞቀው ደግሞ ነፋስ ይነሣል። አስተላላፊ አየር፣ ነፋስ፣ የምድር ማግኔት፤ ሦስቱ ሲገናኙ ሰማዩ ራሱ ጄኔሬተር ሆነ ማለት ነው።

ይህ በሌላውም ቦታ ይሆናል። በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ግን መስመሮቹ ስለተጋደሙ ወደ ላይና ወደ ታች ሊሄድ የፈለገው ፍሰት መውጫ ያጣል። ቻርጁ ከላይና ከታች ይጠራቀምና ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ፍሰት መልሶ ይገፋዋል። ሰፊ ውኃ ጠባብ ቦይ ውስጥ ሲገባ እንደሚበረታው፣ ፍሰቱም በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ስፋት ተጨምቆ ይበረታል። ሲድኒ ቻፕማን በ1951 ለዚህ ወንዝ ስም አወጣለት፦ ኤሌክትሮጄት።

ይህ ወንዝ በየቀኑ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ከፍተኛ ጉልበቱ ላይ ሆኖ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ይፈሳል። ሸነን ገበያ ላይ ቆማችሁ ቀና ብትሉ፣ ከጅባት ጫካ በላይ፣ ከደመናውም በላይ፣ እዚያ አለ። ብርሃኑ የለም፤ ድምፁም የለም።

«ታዲያ ኮምፓስ ይዤ ለምን አላየውም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፍሰቱ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ ከሥሩ የሚፈጥረው መስክ ወደ ሰሜን ነው። የኮምፓስ መርፌ ደግሞ ቀድሞም የሚያመለክተው ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ መርፌው አይዞርም፤ የሚስበው ኃይል ብቻ ትንሽ ይበረታል። ምን ያህል? አዲስ አበባ ላይ የምድር መስክ 36,000 ናኖቴስላ ገደማ ሲሆን፣ የኤሌክትሮጄቱ ድርሻ 100 አካባቢ ነው። ከ360 እጅ አንዱ መሆኑ ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ኮምፓስ ይህን ለይቶ ለማሳየት በጣም ሸካራ ነው። ጥሩ መሣሪያና ትዕግሥት ያስፈልጋል።

አራት ኪሎ፣ 1950 ዓ.ም

ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 ድረስ ከ60 በላይ አገሮች «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ብለው ምድርንና ሰማይዋን አብረው አጠኑ። የመጀመሪያው ሳተላይት ስፑትኒክ የመጠቀው በዚህ ጊዜ ነው። የዝግጅቱ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ማን ነበር? ያው ሲድኒ ቻፕማን። አዘጋጆቹ ካርታውን ሲያዩ በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ጣቢያ ያስፈልጋቸው ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ እዚያው ላይ ነች።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከሚያስተምሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን መነኮሳት አንዱ አባ ፒየር ጉዊን ሥራውን ያዙ። በኮሌጁ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ከ1958 መጀመሪያ፣ በእኛ ከ1950 ዓ.ም አንስቶ የአዲስ አበባ መስክ በየዕለቱ መመዝገብ ጀመረ። በዚያ ዘመን የነበረው የአመዘጋገብ ዘዴ እንዲህ ነው፦ በቀጭን ክር በተንጠለጠለ ማግኔት ላይ ትንሽ መስታወት ይለጠፋል፤ ከመስታወቱ የሚንጸባረቅ የብርሃን ነጥብ በቀስታ በሚሽከረከር የፎቶ ወረቀት ላይ ቀኑን ሙሉ መስመር ይስላል። በማግስቱ ወረቀቱ ይታጠባል፤ መስመሩ በማስመሪያ ይለካል። ከዚያ ደግሞ የሚቀጥለው ቀን።

የመስመሩ ቅርጽ የታወቀ ነው። ጠዋት ይወጣል፣ ከቀትር በፊት ጉብታ ይሠራል፣ ማታ ወደ ሌሊቱ መጠን ይመለሳል። ጉዊን ግን በአንዳንድ ቀናት ሌላ ነገር አዩ። መስመሩ ከሰዓት በኋላ፣ በ9 ወይም በ10 ሰዓት አካባቢ፣ ከሌሊቱ መጠን በታች ይወርዳል። ይህ የሆነው የፀሐይ ማዕበል ባለበት ቀን ቢሆን ኖሮ አያስገርምም ነበር። የሆነው ግን ምንም ማዕበል በሌለበት፣ ጸጥ ባለ ቀን ነው።

ልብ በሉ፤ ወንዙ ወደ ምሥራቅ ሲፈስ መስኩን ይጨምራል ብለናል። መስኩ ከሌሊቱም በታች ከቀነሰ ወንዙ ቆመ ማለት ብቻ አይደለም። ወደ ኋላ፣ ወደ ምዕራብ ፈሰሰ ማለት ነው!

ጉዊን በ1962 ኔቸር በተባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ የአዲስ አበባው ዕለታዊ ለውጥ አንዳንዴ እንደሚገለበጥ በአጭር ጽሑፍ አሳወቁ። በ1967 ደግሞ ከፈረንሳዊው ፒየር-ኖኤል ማዮ ጋር ሆነው፣ እሳቸውም መነኩሴ ነበሩ፣ ለክስተቱ ስም ሰጡት፦ ተቃራኒ ኤሌክትሮጄት። ዛሬ ከፔሩ እስከ ሕንድ ያሉ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ቃል ነው። እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። የውጭ አገር መጽሐፍ ሳነብ ይህ ክስተት መጀመሪያ ተለይቶ የታወቀው በአዲስ አበባ መዝገብ ላይ ነው ይላል። አራት ኪሎን ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ! ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ጣቢያውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ይባላል። በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ መጠኑን የሚነግረን እሱ ነው። ጉዊን የመሬት መንቀጥቀጥንም ይመዘግቡ ነበር፤ በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ቱምባ የምትባል የዓሣ አስጋሪዎች መንደር

መግነጢሳዊው ወገብ ኢትዮጵያን አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ደቡብ ሕንድን ያገኛል። እዚያ ቱምባ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ነበረች። የሕንድ ሳይንቲስቶች ኤሌክትሮጄቱን በሮኬት ለመለካት ቦታ ሲፈልጉ የመረጧት በዚሁ ምክንያት ነው። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ሆነ፤ የሮኬት ክፍሎች በብስክሌት ይጓጓዙ ነበር። የመጀመሪያው ሮኬት የተተኮሰው ኅዳር 21፣ 1963 ነው። ዛሬ ጨረቃ ላይ መንኮራኩር ያሳረፈው የሕንድ የስፔስ ፕሮግራም አንዱ መነሻ ይህች መንደር ናት።

ይህን የማወራው «እኛስ ምን ሆንን» ብዬ ለማልቀስ አይደለም። ቱምባና አዲስ አበባን ያገናኛቸው አንድ ስጦታ መሆኑን ለማሳየት ነው። አልታ ብርሃኑን ለማጥናት ዕድለኛ የሆነችው በቦታዋ ነው። እኛም በቦታችን ዕድለኞች ነን፤ የኛ ዕድል ግን በዓይን አይታይም።

እርማት

አሁን ወደ ግንቦት 2 ልመለስ። ማዕበሉ ምድርን የመታው በኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት የምድር ማግኔታዊ መስክ በሙሉ፣ ከአልታ እስከ ሸነን፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተጨመቀ። ወንድሜ ያኔ ራት ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሰዓታት ምድርን በዙሪያዋ የሚከብ ሌላ ፍሰት በርትቶ መስኩን በ400 ናኖቴስላ ገደማ ቀነሰው። ይህ ቁጥር የማዕበሉ መጠን መለኪያ ነው። የሚወሰደውም ከዋልታ አይደለም፤ ከዋልታው ራቅ ብለው ወደ ወገቡ ከሚጠጉ ጣቢያዎች ነው። አንዱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሄርማነስ ነው። የዋልታው ሰማይ ትርዒቱን ያሳያል፤ የማዕበሉን ክብደት ለማወቅ ግን ወደኛ ወገን መምጣት ያስፈልጋል።

ግንኙነቱ በማዕበል ቀን ብቻ አይደለም። በአንዳንድ ዓመታት በጥር አካባቢ ከሰሜን ዋልታ በላይ ያለው አየር በጥቂት ቀናት ውስጥ በአሥራት በሚቆጠሩ ዲግሪዎች ይሞቃል። ያኔ የአየሩ ሞገዶች፣ በተለይ የጨረቃ ስበት የሚያነሣቸው፣ ይለወጣሉ። ከዚያም በወገቡ ላይ ወንዙ ከሰዓት በኋላ ደጋግሞ ይገለበጣል። እነ ጉዊን በአዲስ አበባ ወረቀት ላይ ያዩት መገልበጥ አንዳንዴ ምክንያቱ በአልታ አቅጣጫ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ጉዳዩ የእውቀት ብቻም አይደለም። መጋቢት 13፣ 1989 በካናዳዋ ኩቤክ የፀሐይ ማዕበል በረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮች ውስጥ ያልተጋበዘ ፍሰት አስነሥቶ መረቡን ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጣለው። 6 ሚሊዮን ሰው ለሰዓታት ጨለማ ውስጥ ቆየ። ዋናው አደጋ ለዋልታ የቀረቡ አገሮች ላይ ነው። ሆኖም ኤሌክትሮጄቱ ቀን ላይ ድንገተኛ የመስክ ለውጥን እንደሚያጎላ በወገብ አካባቢ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ከህዳሴ ግድብ ተነሥቶ በደዴሳ አድርጎ ሆለታ የሚገባው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሆለታን ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ታልፏታላችሁ። የምንለካው መስክ ያንን መስመር ለሚጠብቅ መሐንዲስ ጉዳዩ ነው። ጂፒኤስም በአዮኖስፌር መታወክ ይሳሳታል፤ ለመሬት ልኬታና ለአውሮፕላን ጉዞ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው አልቆመም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የተባለ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለው። አምበር የተባለው የአፍሪካ የማግኔት መለኪያዎች መረብ አዲግራት ላይ ጣቢያ ተክሏል። አዲግራት ከወንዙ ራቅ ስለምትል፣ የአዲስ አበባን ልኬት ከአዲግራቱ ጋር አነጻጽሮ የኤሌክትሮጄቱን ድርሻ ብቻ ነጥሎ ማውጣት ይቻላል። ብልሃቱ መቀነስ ብቻ ነው፤ የ3ኛ ክፍል ሒሳብ። ዋናው ነገር ሁለቱም ቦታ ላይ በየቀኑ የሚመዘግብ መኖሩ ነው።

ባለፈው በዓል ሸነን ስሄድ ለወንድሜ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ብዙ ካዳመጠ በኋላ «እና ጋሼ፣ ያኔ ምንም አያደርግም ያልከኝ ውሸት ነበር?» አለኝ። «ውሸት ሳይሆን አለማወቅ ነው» አልኩት። እሱም ትንሽ አሰበና ደብተሩን አውጥቶ «በስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?» አለ። ከጠዋቱ 5 ሰዓት አልኩት። ጻፈው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ደጅ ቆሞ ሽቅብ ሲያይ አገኘሁት። ምንም እንደማይታይ ያውቃል። ቢሆንም ያያል።